ባትሪህን የሚጨርሰው ሴንሰሩ አይደለም

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲል ጠይቋል፦

«ባሕር ዳር የምኖር የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ። አባቴ ወራሚት በኩል፣ ሐይቁ ዳር፣ ማንጎና ሽንኩርት ያለማል። የውሃ ሞተሩ የሚያድርበት የቆርቆሮ ቤት መብራት አልገባለትም። ሰው ሲገባ ስልካችን ላይ መልእክት የሚልክ ዕቃ ሠራሁ። አርዱኢኖ ኡኖ (ኮድ የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ)፣ ኤችሲ ኤስአር 501 የእንቅስቃሴ ሴንሰርና ሲም 800 ኤል (ሲም ካርድ ገብቶበት መልእክት የሚልክ ቦርድ) ነው ያለበት። ከላፕቶፕ ባትሪ የወጡ 3 የ18650 ድንጋዮችን ጎን ለጎን አስሬ፣ ለኡኖና ለሴንሰሩ ወደ 5 ቮልት አሳድጌዋለሁ። ሲም 800 ኤሉን በቀጥታ ከባትሪው ነው ያገናኘሁት። ግን ከ3 ቀን ተኩል አያልፍም። አንዳንድ ሌሊት ደግሞ ማንም ሳይኖር 20 እና 30 መልእክት ያከታትላል። አባቴም ተሰላችቶ ስልኩን ማጥፋት ጀምሯል። 3 ማይክሮአምፔር ብቻ የሚወስዱ የሴንሰር ቺፖች እንዳሉ አነበብኩ። ከውጭ ላስመጣ? ወይስ ባትሪውን ላብዛው? ምን ይመክሩኛል?»

ሁለቱንም አታድርግ። ጣሳው እያፈሰሰ ውሃ ብትጨምርበት አይሞላም። መጀመሪያ ቀዳዳው የት እንደሆነ እንይ።

ሒሳቡን እንሥራ። ኡኖ ምንም ሳይሠራ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ወደ 45 ሚሊአምፔር ይወስዳል። ይህ በ5 ቮልት በኩል ነው። የቮልት ማሳደጊያዋ ቦርድ የባትሪውን 3.7 ቮልት ወደ 5 ስታወጣ የምታባክነውም አለ። ስለዚህ ከባትሪው የሚወጣው 70 ሚሊአምፔር አካባቢ ይሆናል። ሲም 800 ኤል ኔትወርክ ይዞ ሲጠብቅ ደግሞ ወደ 20 ሚሊአምፔር ይፈልጋል። ድምሩ 90 ነው። ድንጋዮችህ እያንዳንዳቸው እውነተኛ 2500 ሚሊአምፔር ሰዓት ይዘዋል እንበል። 3ቱ 7500 ይሆናሉ። ለ90 አካፍለው፤ 83 ሰዓት። ይኸው 3 ቀን ተኩልህ።

ሴንሰሩስ? ያ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ቦርድ ሰው ሳይኖር ሲጠብቅ የሚወስደው ከ50 እስከ 65 ማይክሮአምፔር ነው። ማይክሮ ማለት የሚሊ ሺህኛ ነው። የማሳደጊያዋን ብክነት ጨምረህ ከባትሪው በኩል ብታየው 0.1 ሚሊአምፔር ቢሆን ነው። ከ90ው 0.1 ማለት ነው። ያንን ሴንሰር በ3 ማይክሮአምፔሩ ብትተካው ዕቃህ የሚጨምረው ዕድሜ ከ6 ደቂቃ አይበልጥም። ለ6 ደቂቃ ብለህ ከውጭ ዕቃ ልታስመጣ ነበር።

ባትሪውን ብታበዛስ? በእጥፍ ብታሳድገው አንድ ሳምንት ታገኛለህ። አባትህ በየሳምንቱ ባትሪ ተሸክመው ባሕር ዳር ሊመላለሱ ነው። በነገራችን ላይ ገበያ ላይ 9800 ተብሎ የተጻፈበት 18650 ብታይ አትመን። በዚያ መጠን ባለ ድንጋይ ውስጥ ከ3500 አካባቢ ብዙ የሚያልፍ አይገባም። አሮጌ የላፕቶፕ ድንጋይ ደግሞ አዲስ ሳለ የነበረውን አይዝም።

አሁን ስለ ቺፑ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ይህ ሴንሰር ምንም ጨረር አይልክም። ተቀብሎ ብቻ ነው የሚኖረው። ሙቀትም አይለካም፤ የሚሰማው ለውጥን ነው። በቆብ መሳይዋ ብረት ውስጥ ሁለት ትንንሽ ገበታዎች ጎን ለጎን አሉ። ተቃራኒ ሆነው ነው የተያያዙት። ሙቀቱ ሁለቱም ላይ እኩል ከወደቀ ይጣፋሉ። ሰው ሲያልፍ ግን አንዱን ቀድሞ ሌላውን አስከትሎ ይነካል። ያኔ ትንሽ ሞገድ ይወጣል። ከሰው ገላ የሚወጣው ኢንፍራሬድ በብዛት 9 እና 10 ማይክሮሜትር አካባቢ ነው። የሴንሰሩ መስኮትም ከ5 ማይክሮሜትር ግድም በታች ያለውን እንዳያስገባ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ለዚህ ነው ከመስታወት ጀርባ ብታስቀምጠው የማያይህ። መስታወት ያንን ጨረር አያሳልፍም። ፊት ለፊቱ ያለው ነጭ ጉልላት ፕላስቲክ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው።

የሚወጣው ሞገድ በጣም ደካማ ነው። የሚሊቮልት ክፍልፋይ ሊሆን ይችላል። በሺዎች ማባዛት ያስፈልጋል። በጣም ቀርፋፋም ነው፤ በሰከንድ ከግማሽ ጊዜ እስከ ጥቂት ጊዜ ቢወዛወዝ ነው። ሌላውን ሁሉ ማጣራት ግድ ይላል። ከዚያ «ይህ እንቅስቃሴ ነው» ብሎ የሚወስን አካል ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ የሚሠራው ነው የሴንሰር መገናኛ ቺፕ የሚባለው። አንተ ቦርድ ላይ ያለው ቢስ 0001 ይባላል፤ ዕድሜ ጠገብ ነው። አዳዲሶቹ ግን ሥራውን በዲጂታል ይሠራሉ። የኤልሞስ ኢ931.96 እና የኤክሰሊታስ ዲጂፓይሮ ዓይነቶቹ ወደ 3 ማይክሮአምፔር ነው የሚወስዱት። በ25 ቢት ማስተካከያ ምን ያህል ስሜት እንዲኖራቸው፣ በስንት ሰከንድ ውስጥ ስንት ምት ሲቆጥሩ እንዲጮኹ፣ ከጮኹ በኋላ ስንት ሰከንድ ዝም እንዲሉ ትነግራቸዋለህ።

ዋናው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። ይህ ቺፕ ዘበኛ ነው። ዘበኛ የሚቀጠረው ባለቤቱ እንዲተኛ ነው። አንተ ዘበኛ ቀጥረህ ሌሊቱን ሙሉ ቤተሰቡን በሙሉ መብራት አብርተህ አስቀምጠሃል። ኡኖው አይተኛም፣ ሲሙ አይተኛም፣ ማሳደጊያዋ አትተኛም። ርካሽ ዘበኛ ብታመጣ የመብራት ቆጣሪው አይቀንስልህም።

ወደ ሌሊቱ መልእክት ልምጣ። ይህ ከባትሪውም የባሰ ነው። አባትህ ስልኩን ካጠፉ ዕቃው የለም ማለት ነውና። ምክንያቱ አንድ ብቻ ላይሆን ይችላል። የመጀመሪያው ተጠርጣሪዬ ግን ራሱ ሲም 800 ኤል ነው። መልእክት ሲልክ በአጭር አጭሩ እስከ 2 አምፔር ይስባል። አሮጌ ድንጋይና ቀጭን ሽቦ ይህን አይችሉም። ቮልቱ ወረድ ይላል፣ ተመልሶ ይወጣል። ሴንሰሩ ላይ ያለው ማጉያ ያንን መንቀጥቀጥ እንደ ሞገድ ይቆጥረዋል። የሬዲዮው ጨረር ራሱም በአጠገቡ ያለውን ቦርድ ይረብሸዋል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ድመት ታልፋለች፣ መልእክት ይላካል። መላኩ ሴንሰሩን ይቀሰቅሰዋል። እሱ ሌላ መልእክት ያስልካል። እንዲህ እየተቀባበሉ ያድራሉ።

ማረጋገጡ ቀላል ነው። ሴንሰሩን በወፍራም ካርቶን ሸፍነው። ከዚያ በእጅህ አንድ መልእክት እንዲልክ አድርግ። ተሸፍኖ እያለ ከጮኸ ጥፋቱ ከውጭ አይደለም።

መፍትሔው ሦስት ነገር አንድ ላይ ነው። 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ሲም 800 ኤሉ እግር ሥር አስጠግተህ በስታኞ አያይዝ። የባትሪውን ሽቦ አወፍረው፣ አሳጥረው። በኮዱ ደግሞ ሲሙ እየሠራ ሳለና ከጠፋ በኋላ ለ10 ሰከንድ ሴንሰሩን ጨርሶ አትስማው። ሦስተኛውን ብቻ ብታደርግ እንኳ ያ መቀባበል ይቆማል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን ያስፈልጋሉ፤ ሲሙ የሚሠራው ከ3.4 እስከ 4.4 ቮልት ነውና፣ ቮልቱ ከዚያ በታች ሲወርድ ጠፍቶ ይነሳል።

ሐይቅ ዳር ስለሆንክ ደግሞ ሌሎች ምክንያቶችም አሉ። ሌሊት ጉማሬ ለግጦሽ ይወጣል። ጉማሬ ትልቅ ሞቃት ገላ ነው፤ የትኛውም ቺፕ ከሰው አይለየውም። ውሃ ውስጥ ሳለ ግን አያየውም፣ ውሃ ያንን ጨረር ይውጠዋል። ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ነጸብራቅ በበሩ ገብቶ ጉልላቱን ከመታው ያሞቀዋል፣ ደመና ሲያልፍ ይቀዘቅዛል። ሴንሰሩ ይህንንም እንደ ለውጥ ይቆጥረዋል። በቆርቆሮው ክፍተት የሚገባው የሐይቁ ነፋስም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ሴንሰሩን ወደ ሐይቁ አታዙረው። ቤቱ ውስጥ፣ ጥግ ላይ፣ ከመሬት 2 ሜትር ግድም ከፍ አድርገህ ስቀለው። የሚገባው ሰው ወደ ሴንሰሩ ቀጥ ብሎ እንዳይመጣ፣ ፊቱን አቋርጦ እንዲያልፍ ይሁን። ገበታዎቹ ጎን ለጎን መሆናቸውን አስታውስ። ቀጥ ብሎ የሚመጣ ሰው ሁለቱንም አንድ ላይ ስለሚነካ ዘግይቶ ነው የሚታየው።

አንድ ነገር ላንተም ለአባትህም ግልጽ ይሁን። የባሕር ዳር አየር ጥላ ውስጥ የሰውን ገላ ሙቀት አይደርስም። ሚያዝያ ቀትር ላይ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ግን ሌላ ነው። ግድግዳው ከሰው ጋር እኩል ሲሞቅ በሰውየውና በጀርባው ባለው ነገር መካከል ልዩነት አይኖርም። ሴንሰሩ ያኔ ይታወራል። ጥፋት አይደለም፤ የዚህ መሣሪያ ጠባይ ነው። ቀን ቀን ሰው እርሻው ላይ ስላለ ያንተ ሥጋት ሌሊቱ ነው። ሌሊት ቆርቆሮው ይቀዘቅዛል፣ ሰው ከሩቅ ይታያል። ለቀኑም ጥበቃ ከፈለግህ በሩ ላይ የማግኔት መቀስቀሻ ጨምርበት። እሱ ሙቀት አያውቅም፣ ዋጋውም ትንሽ ነው።

እንግዲህ እኔ ብሆን የምሠራው ይህ ነው። ኡኖህ ላይ ያለው ረጅሙ ጥቁር ቺፕ፣ ባለ 28 እግሩ፣ ከሶኬቱ የሚነቀል ከሆነ በጥንቃቄ ፈንቅለህ አውጣው። 328 ፒ ይባላል። ብቻውን መሥራት ይችላል። ኡኖው ላይ ያሉት ሌሎቹ ነገሮች፣ የዩኤስቢው ቺፕ፣ ሬጉሌተሩ (ቮልት አስተካካዩ)፣ ሁሌም የሚበራው መብራት፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚበሉት እነሱም ናቸው። 328 ፒውን በራሱ ውስጣዊ የ8 ሜጋኸርዝ ሰዓት እንዲሠራ አድርገህ ኮዱን ጫንበት። ይህን አትዝለል። በ16 ሜጋኸርዝ ከሄደ ባትሪው ከ3.8 ቮልት በታች ሲወርድ አስተማማኝ አይሆንም። በ8 ግን እስከ 2.7 ቮልት ይሠራል። ስለዚህ ማሳደጊያዋም ሬጉሌተርም አያስፈልጉህም፤ በቀጥታ ከድንጋዩ ይጠጣል። ሲተኛ፣ የቮልት ጠባቂውንና የአናሎግ ክፍሉን ካጠፋህለት፣ ከ1 ማይክሮአምፔር በታች ነው የሚወስደው። የቮልት ጠባቂው ስለጠፋ ግን ድንጋዮቹን የሚጠብቅ ሌላ ነገር ያስፈልጋል። መከላከያ ቦርድ ያላቸውን ተጠቀም።

ሴንሰሩን በኤኤም 312 ቀይረው። ትንሽ ነው፣ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል። ከ2.7 እስከ 12 ቮልት ይሠራል፣ 15 ማይክሮአምፔር አካባቢ ይወስዳል። አንተ የያዝከው 501 ከ4.5 ቮልት በታች አይሠራም፤ ማሳደጊያዋን ያስገዛህ እሱ ነው። ኤኤም 312 የሚያየው ከ3 እስከ 5 ሜትር ነው። ለሞተር ቤት ይበቃል፣ እንዲያውም ውጭ ያለውን ከብት ባያይ ይሻላል። እግሩን 328 ፒውን ከሚቀሰቅስ እግር ጋር አገናኘው።

ሲም 800 ኤሉን በትራንዚስተር ቁረጠው። ፒ ቻናል ሞስፌት፣ በ3 ቮልት በደንብ የሚከፈት፣ 2 አምፔር የሚችል ይሁን። ሰው ሲኖር ይበራል፣ ኔትወርክ ይይዛል፣ ይልካል፣ ይጠፋል። እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። ሲሙ ከጠፋ በኋላ 328 ፒው የመላኪያ እግሩን ከፍ አድርጎ ከተወው ጅረት በዚያ እግር በኩል ወደ ሲሙ ይገባል። በዋናው በር ዘግተህ በጓሮ በር ታፈሳለህ። ከመተኛቱ በፊት ወደ ሲሙ የሚሄዱትን እግሮች ሁሉ ዝቅ አድርጋቸው። የሲሙ የመገናኛ እግር 2.8 ቮልት ብቻ ስለሚችል መሐል ላይ ሁለት ሬዚስተር አድርገህ ቮልቱን ከፋፍልለት። ሲም 800 ኤል በ2ጂ ብቻ እንደሚሠራም አትርሳ። ሞተር ቤቱ ጋ 2ጂ መያዙን በስልክ አስቀድመህ አረጋግጥ።

ይህ ሁሉ ሲደመር ዕቃው ተኝቶ የሚወስደው 20 ማይክሮአምፔር አካባቢ ነው። ከ90 ሺህ ማይክሮአምፔር ወደ 20። አንድ መልእክት፣ ኔትወርክ እስኪይዝ ያለውን ግማሽ ደቂቃ ጨምሮ፣ 1 ሚሊአምፔር ሰዓት ያህል ይፈጃል። በየቀኑ ማታ «ደህና ነኝ፣ ባትሪዬ ይህን ያህል ነው» የሚል አንድ መልእክት እንዲልክ አድርግ። በዓመት 365 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው፤ ይገባዋል። ያ መልእክት የቀረ ቀን አባትህ ነገር እንዳለ ያውቃሉ። ዕቃው ቢሰረቅ፣ ባትሪው ቢሞት፣ ኔትወርክ ቢጠፋ፣ ዝምታው ራሱ ይነግራቸዋል። ይህ እንዲቀር አልፈልግም።

አሁን ወደ 3 ማይክሮአምፔሩ ቺፕ እንመለስ። ኤኤም 312ን በእሱ ብትተካው 20ው ወደ 8 ይወርዳል። በ20 እና በ8 ማይክሮአምፔር መካከል ያለው ልዩነት ላንተ ምን ይጠቅማል? ምንም። 18650 ድንጋይ ሳይነካ ተቀምጦ ራሱ በወር 2 በመቶ ያህል ያጣል። ለ2500ው 50 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው። ያለማቋረጥ 70 ማይክሮአምፔር እንደመፍሰስ ቁጠረው። አንዱ ድንጋይ ብቻ በራሱ የሚያጣው ከመላው ዕቃህ ይበልጣል። ጥሩ ድንጋይ ከሆነ ግን ከዓመት በላይ ይሄዳል።

ያ ቺፕ ዋጋ ያለው ባትሪው የአዝራር ያህል ሲሆን ነው። ሲአር 2032 220 ሚሊአምፔር ሰዓት ይይዛል። በ65 ማይክሮአምፔር 5 ወር አይሞላም። በ15 ማይክሮአምፔር 1 ዓመት ከ8 ወር ነው። በ3 ማይክሮአምፔር ግን በሒሳብ 8 ዓመት ያልፋል። የሆቴል ክፍል ውስጥ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ፣ በአጭር ርቀት ሬዲዮ የሚያወራ ነገር ልትሠራ ካሰብክ ያኔ አስመጣው። ካስመጣኸው ደግሞ ይህን ያዝ፦ ዲጂታሎቹ አንድ ጊዜ ከጮኹ በኋላ 328 ፒው የጮኹበትን ሽቦ ዝቅ አድርጎ እስኪለቅላቸው ድረስ ዳግመኛ አይጮኹም። «አንዴ ሠርቶ ሞተ» ብለው የጣሉት ሰዎች አሉ። አልሞተም ነበር።

ሌላ አማራጭም ታነብ ይሆናል። እንደ ኤልፒቪ 802 ያሉ የናኖአምፔር ማጉያዎችን ገዝቶ ሰርኪዩቱን በእጅ መሥራት። በወረቀት ላይ ያምራል። ለሐይቅ ዳር ግን አልመክርም። ያ ሰርኪዩት 10 ሜጋኦም በሚሆኑ ሬዚስተሮች ነው የሚሠራው። እርጥበትና ከስታኞ የቀረ ቅባት ለጅረቱ ከዚያ ያነሰ ኦም ያለው መንገድ ይከፍታሉ። ከሐይቁ ዳር የመጣ እንዲህ ያለ ሣጥን ከፍቼ አውቃለሁ። በጉልላቱና በሴንሰሩ መካከል ሸረሪት ድር ሠርታለች። እግሮቹ አረንጓዴ አውጥተዋል። ቦርዱ ሲነካ ይጣበቃል። በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ አጥቤ በፀጉር ማድረቂያ ሳደርቀው የቴስተሩ ንባብ ዓይኔ እያየ ወረደ። አምፔሩን ሲበላ የነበረው ቆሻሻው ነው። ዲጂታሉ ሴንሰር ደካማውን ሞገድ ከብረት ቆቡ ሳያስወጣ እዚያው ወደ ቁጥር ስለሚቀይረው ይህ ብዙ አይጎዳውም። ኤኤም 312ም ትንሽና የተጠቀጠቀ ስለሆነ ከ501 ይሻላል። ያም ሆኖ ቦርድህን እጠብ፣ አድርቅ፣ የቦርድ ቫርኒሽ ቀባው። መስኮቷንና ጉልላቱን ግን እንዳትነካ። ሣጥኑን ገመድ የሚገባበትን ቀዳዳ ወደ ታች አድርገህ ስቀል፣ ክፍተቱን በሲሊኮን ድፈን።

ስለ ድንጋዮቹም ልጨምር። ከቆርቆሮው ጣራ ሥር አታስጠጋቸው። ሊቲየም ከ45 ዲግሪ በላይ ሆኖ መሞላት የለበትም፤ ስለዚህ እዚያው በሶላር እሞላለሁ ብለህ አትጀምር። ዓመት በሚሄድ ዕቃ ላይ ሶላር ተጨማሪ የሚሰረቅ ነገር ነው። 3ቱን ጎን ለጎን ከማሰርህ በፊት ቮልታቸው እኩል መሆኑን ለካ። አንዱ 4.1 ሌላው 3.5 ከሆነ ሲገናኙ አንዱ ወደ ሌላው በኃይል ይፈስሳል። ያበጠ ወይም የተጎዳ ካለ ጣለው።

ሣጥኑን ከመዝጋትህ በፊት የመጨረሻው ሥራ መለካት ነው። ቴስተሩን በማይክሮአምፔር ላይ አድርገህ ከባትሪው ጋር በመሥመር አገናኘው። ሲበራ ግን በማይክሮው በኩል አታስጀምረው። ሲሙ ከተነሳ የቴስተሩ ፊውዝ ይቃጠላል። በ10 አምፔሩ ጀምር፣ ዕቃው እስኪተኛ 1 ደቂቃ ጠብቅ፣ ከዚያ ከባትሪው የሚመጣውን ጅረት ሳታቋርጥ በሌላ አጭር ሽቦ ደግፈህ ወደ ማይክሮው ቀይር። ሽቦውን ስታነሳው ከ30 በታች ካነበብክ ዝጋው። ከ50 በላይ ከሆነ አትዝጋ። መጀመሪያ የሲሙን እግሮች፣ ቀጥሎ የረሳሃትን መብራት፣ ቀጥሎ የቦርዱን ንጽሕና ተመልከት።